«ትል» ተብሎ የሚወጣው የልጅዎ ጥርስ ነው

ስለ ልጆች ጥርስ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ከረሜላና ስለ ጥርስ ብሩሽ ነው። ወደ እነርሱም እመጣለሁ። ነገር ግን በሰሜን ወሎ፣ በወልድያና በዙሪያዋ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ለብዙ ሕፃናት ጥርስ የመጀመሪያው አደጋ ከረሜላ አይደለም። የመጀመሪያው አደጋ የሚደርሰው ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ ነው። በአካባቢያችን «ግግ ማስወጣት» ይባላል። በዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ልነግርዎ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ተቅማጥ በያዘው ሕፃን ላይ የሚፈጸም በመሆኑ ጥርስን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም የሚያሳጣ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሌሊት ተረኛ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ አንዲት ወጣት እናት ከአማቷ ጋር የስምንት ወር ልጇን አዝላ ከሀብሩ ገጠር መጣች። «ምን ሆነ እህቴ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ተቅማጥ ነው ዶክተር፤ አራት ቀኑ ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ልጁ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ እርግብግቢቱ ሰርጉዷል፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። ይህ ሁሉ ተቅማጥ ውኃውን ከሰውነቱ እንደጨረሰበት ያሳያል። ነገር ግን የከንፈሩና የመዳፉ ንጣት ለተቅማጥ ብቻ በዝቶብኛል። አፉን ከፍቼ በባትሪ ስመለከት ከታችኛው ድድ በግራና በቀኝ ሁለት የተቆረጡ ቦታዎች አየሁ። አንደኛው አሁንም ይደማል።

እናትየው አንገቷን ደፋች። አማቷ ግን ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ግግ ነው የወጣለት። ትሉን በዓይናችን አይተነዋል። ነጭ ነው» አሉኝ።

ልጁ ደም ተሰጠው፤ ፈሳሽም ተሰጠው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። እንደ እርሱ መጥተው ያልተረፉም አሉ። እኒያ ሴት «ትሉን በዓይናችን አይተነዋል» ያሉት ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። አልዋሹም፤ በእርግጥም ነጭ ነገር አይተዋል። ያዩት ትል አልነበረም እንጂ። የልጅ ልጃቸው ገና ያልወጣ የክራንቻ ጥርስ ነበር።

«ግግ» የምንለው ነገር ምንድን ነው?

ሕፃን ጥርስ የሌለው ሆኖ ቢወለድም ጥርሶቹ በድዱ ውስጥ አሉ። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች መሠራት የሚጀምሩት ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። ከተወለደ በኋላ ቀስ በቀስ እየጠነከሩና ወደ ላይ እየገፉ ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ይወጣሉ። ከዚያ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች ይከተላሉ። ክራንቻዎቹ የሚወጡት ዘግይተው ከ16 እስከ 23 ወር አካባቢ ነው። ሃያውም ተሟልተው የሚታዩት ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው።

እንግዲህ በአምስት፣ በስድስት ወይም በስምንት ወር ዕድሜው የሕፃኑን ድድ በጣትዎ ቢዳስሱ ክራንቻዎቹ በሚወጡበት ቦታ ላይ እብጠት ያገኛሉ። ድዱ በዚያ ቦታ ነጣ ብሎ ሊታይም ይችላል። ይህ ጤነኛ ሕፃን ሁሉ ያለው ነገር ነው። የታመመውም ያልታመመውም አለው። ችግሩ የታመመውን ልጅ ብቻ አፉን ከፍተን ማየታችን ነው።

ግግ አውጪዋ ወይም አውጪው ይህን እብጠት በምላጭ፣ በወስፌ፣ በሾለ ሽቦ ወይም በሚስማር ሰንጥቀው በውስጡ ያለውን ነገር ፈልቅቀው ያወጣሉ። የሚወጣው ነገር ነጭ፣ ለስላሳና ትንሽ ነው። ገና ስላልጠነከረ ጥርስ አይመስልም፤ ትል ይመስላል። ለእናትና ለአያት በመዳፍ ላይ ተደርጎ ይታያል። በዓይን የታየን ነገር ማን ይጠራጠራል? እምነቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተሻግሮ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ነገሩ የእኛ አካባቢ ብቻም አይደለም። በኡጋንዳ «ኤቢኖ» ይሉታል፤ በታንዛኒያ «የፕላስቲክ ጥርስ» ብለው ያወጡታል፤ በሱዳንና በኬንያም አለ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተሰቦችን ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞችም በብዙዎቹ አፍ ውስጥ የወተት ክራንቻዎች ጎድለው፣ አጠገባቸው ያሉት ጥርሶችም ተበላሽተው አግኝተው በጥናት ጽፈውታል። ቋንቋው ይለያያል እንጂ የሚወጣው አንድ ነው፤ የሕፃን ጥርስ።

ታዲያ ተቅማጡ ከየት መጣ?

«ጥርስ ሲያበቅል ነው ተቅማጥ የያዘው» የሚለውን ከገጠርም ከከተማም፣ ከተማሩ ወላጆችም ጭምር እሰማለሁ። ሁለቱ በአንድ ወቅት መምጣታቸው እውነት ነው። አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑ ግን እውነት አይደለም።

ስድስት ወር አካባቢ በሕፃን ሕይወት ውስጥ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። አንደኛ፣ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው በሽታ የመከላከል አቅም እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ከጡት ወተት በተጨማሪ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የላም ወተትና ውኃ ይጀምራል። ውኃው ካልተፈላ ወይም ካልታከመ፣ ዕቃው በደንብ ካልታጠበ፣ ምግቡ ከጠዋት እስከ ማታ ከቆየ ጀርም ይገባበታል። ሦስተኛ፣ ልጁ መቀመጥና መዳህ ይጀምርና መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ዶሮና በግ በሚውሉበት ግቢ የሚድህ ሕፃን ምን ምን ወደ አፉ ሊያስገባ እንደሚችል ያስቡት።

በዚሁ ወቅት ጥርስም ይመጣል። ጥርስ ማብቀል ልጅን ሊያነጫንጨው፣ ለሃጩን ሊያዝረከርከው፣ እጁን ሊያስነክሰው፣ ትንሽም ሙቀት ሊጨምርበት ይችላል። ነገር ግን ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ተቅማጥና ትውከት አያመጣም። እነዚህ ከታዩ ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው፤ መታከም ያለበት እርሱ ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የተቅማጡ ሥር ያለው በድዱ ላይ ሳይሆን በውኃው፣ በእጃችንና በዕቃው ላይ ነው።

«ግን እኮ ከወጣለት በኋላ ዳነ»

ይህን ክርክር ከብዙ እናቶች ሰምቼዋለሁ፤ ንቄውም አላውቅም። «የጎረቤቴ ልጅ ግግ ከወጣለት በኋላ በሁለተኛው ቀን ተቅማጡ ቆመ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቆሟል። ነገር ግን አስቡት። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ልጁ የጎደለው ፈሳሽ እየተተካለት ከቆየ በሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ቤተሰብ ደግሞ ልጁን ወደ ግግ አውጪ የሚወስደው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። መጀመሪያ ይጠብቃል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲጨነቅ ይወስዳል። ያኔ ተቅማጡ በራሱ ሊቆም አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሲቆም ምስጋናው ለምላጩ ይሆናል።

ልጁ ቢሞትስ? «ዘግይቶ ነው የወጣለት» ወይም «ትሉ በዝቶበት ነበር» ይባላል። ልጁ ቢድንም ቢሞትም ልማዱ አይጠየቅም። በዚህ ዓይነት ሚዛን ሲመዘን የትኛውም ነገር መድኃኒት ሊመስል ይችላል።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ መርሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በሕፃንነቴ ግግ ወጥቶልኛል። በስተቀኝ ያለው የታችኛው ክራንቻዬ ከሌሎቹ ያነሰ፣ የጎደጎደና ቢጫ ነው። ለረጅም ጊዜ የተፈጥሮ ነገር ይመስለኝ ነበር። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ስለ ጥርስ አፈጣጠር ስንማር ነገሩ ገባኝና ለእረፍት ቤት ስመለስ እናቴን ጠየቅኋት። ደነገጠች። «ልጄ፣ ነፍስህ ልትወጣ ደርሳ ነበር። የነገሩኝን ሁሉ አደረግሁ» አለችኝ። ያኔ አንድ ነገር ተማርሁ። ልጇን ወደ ግግ አውጪ የምትወስድ እናት ልጇን የምትጠላ ወይም የማታስብ እናት አይደለችም። የተጨነቀች እናት ናት። የተጨነቀ ሰው ደግሞ ቅርቡ ያገኘውን እጅ ይይዛል። ጥያቄው ቅርቡ የሚያገኘው የማንን እጅ ነው የሚለው ነው።

ጉዳቱ ምን ድረስ ነው?

የመጀመሪያው ደም መፍሰስ ነው። ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ለአዋቂ ጥቂት የሚመስል ደም ለእርሱ ብዙ ነው። በዚያ ላይ የሚደማው አፍ ውስጥ ስለሆነ ሕፃኑ ይውጠዋል እንጂ ሁሉም ወደ ውጪ አይፈስም። እናት ሳታየው ሌሊቱን ሙሉ ሊደማ ይችላል።

ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው። ያልተቀቀለ ስለት ከአንዱ ሕፃን አፍ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የመንጋጋ ቆልፍ፣ የደም መመረዝ፣ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ሦስተኛው ድዱ ስለሚያመው ጡት አለመጥባቱ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው። በዚያው ሰዓት አፉን አቁስለን መጥባት እናስተወዋለን። ብዙ ጊዜ ሕፃኑን የሚገድለው ይህ ነው፤ ተቅማጡና ቁስሉ ተባብረው።

አራተኛው ጊዜ ማባከን ነው። «ግግ ወጥቶለታል፤ አሁን ይሻለዋል» ተብሎ የሚጠበቅባት አንድ ሌሊት ሕፃኑን ወደ ጤና ተቋም ማድረስ የምንችልባት የመጨረሻዋ ሌሊት ልትሆን ትችላለች።

አምስተኛው ከዓመታት በኋላ የሚታየው ነው። በወተት ክራንቻው አጠገብ ቋሚው ክራንቻ ይሠራል። የቋሚው ክራንቻ አካል መጠንከር የሚጀምረው ልጁ ከ4 እስከ 5 ወር ሲሆነው ነው። ግግ የሚወጣውም በዚያው ዕድሜና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ስለቱ ሁለቱን ጥርሶች ለይቶ አያውቅም። ልጁ ካደገ በኋላ ቋሚ ጥርሱ የተጣመመ፣ የተቦረቦረ ወይም ጭራሹን የሌለ ሊሆን ይችላል።

ድርጊቱ በሕግም ያስቀጣል። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እና 562 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ሕፃናትን መግደልንና መጉዳትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ እንጥል መቁረጥና የወተት ጥርስ ማውለቅም በዚሁ ተጠቅሰዋል።

ልጅዎን ተቅማጥ ሲይዘው ምን ያድርጉ?

«አታስወጡ» ብቻ ማለት እናትን ባዶ እጇን መተው ነው። ስለዚህ ግግ ከማስወጣት ይልቅ የሚደረገውን ልንገርዎ።

1. ጡት ማጥባትዎን አያቋርጡ። እንዲያውም ከወትሮው አብዝተው ያጥቡ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከጡት ወተት ሌላ ውኃም ቢሆን ሊሰጠው አይገባም፤ ከጤና ባለሙያ ከሚታዘዝለት በስተቀር።

2. ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይስጡ። ኦ.አር.ኤስ የሚባለው ነው። በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ይገኛል። በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ተከትለው፣ ብዙውን ጊዜ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡት። ውኃውን አፍልተው ያቀዝቅዙት። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሩብ እስከ ግማሽ ትልቅ ኩባያ ይሰጠዋል። ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነው ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ። በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያሉ ይስጡት። ቢያስታውከው አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው እንደገና በዝግታ ይቀጥሉ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይድፉትና ሌላ ያዘጋጁ።

ይህ ተራ ጨውና ስኳር የሚመስል ዱቄት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ላስታውስዎ። እ.ኤ.አ በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ወደ ሕንድ የተሰደዱ ሰዎች በሰፈሩበት ካምፕ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሕንዳዊው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ቤተሰቦች ራሳቸው ለበሽተኛው እንዲያጠጡ ይህን ውሕድ አደላቸው። ከ100 በሽተኞች ከ20 እስከ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 4 ገደማ ወረደ። ያን ያደረጉት እናቶችና አባቶች ናቸው፤ በኩባያና በማንኪያ።

3. ዚንክ ይስጡ። ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ ይሰጥዎታል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ነው። እንክብሉ በማንኪያ ላይ በጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ይሟሟል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩን ቀን ይጨርሱ።

4. ምግብ አይከልክሉት። ስድስት ወር ያለፈው ልጅ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይመገብ።

5. ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተቅማጥ ማቆሚያም ሆነ አንቲባዮቲክ አይስጡ።

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ተቅማጡ ሁለት ሳምንት ከሞላው። በመንገድ ላይም ጡትና ኦ.አር.ኤስ መስጠትዎን ይቀጥሉ።

ግግ አስወጥተው ከሆነስ? ደግሜ እላለሁ፣ አይደብቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው ሐኪሙ ካላወቀ የሚደማውን አይፈልግም። ለባለሙያው የመጀመሪያው ቃልዎ ይህ ይሁን።

ጥርሱ ከወጣ በኋላስ?

ከስለቱ የተረፈው ጥርስ ደግሞ ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል፤ ምን ያደርጋል?» የሚለው አባባል። እውነት ነው፣ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ መውደቅ ይጀምራል። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ የሚወድቁት ልጁ 12 ዓመት ሲደርስ ነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት የሚበላው፣ ቃላትን አጥርቶ የሚናገረው፣ የሚስቀውም በእነርሱ ነው። ለቋሚ ጥርሶች ቦታ የሚጠብቁትም እነርሱ ናቸው። የተቦረቦረ የወተት ጥርስ ያማል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ምግብ ያስጠላል፤ መግል ከቋጠረ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ይጎዳል።

አጠባበቁ ከባድ አይደለም። ጥርስ ከመውጣቱ በፊት ድዱን በንጹሕና እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉለት። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ ለስላሳ የልጅ ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ጠዋትና ማታ፣ በተለይ ማታ ከመተኛቱ በፊት። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና እስከ ሦስት ዓመት ድረስ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ይበቃል። ልጁ በራሱ በደንብ መቦረሽ የሚችለው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው፤ እስከዚያ እርስዎ ይቦርሹለት። መፋቂያ ለታላላቆቹ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለሕፃን ግን ድዱን ሊያቆስለው ስለሚችል ብሩሽ ይሻለዋል።

ስኳር ያለበት ወተት ወይም ሻይ በጡጦ ይዞ እንዲተኛ አይፍቀዱ። ሌሊቱን ሙሉ ጣፋጩ በፊት ጥርሶቹ ላይ ስለሚቆይ ከሁሉ በፊት የሚበሰብሱት የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ናቸው። ዳቦ በስኳር ሻይ እየነከሩ ቀኑን ሙሉ መስጠትም እንዲሁ ነው። በልጅ እጅ ላይ ብር ስናስቀምጥ ወደ ሱቅ ሄዶ ከረሜላ እንደሚገዛበት እናውቃለን። በመርሳ መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን እያለ ለልጅ ከረሜላ የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

በወር አንድ ጊዜ የልጅዎን የላይኛ ከንፈር ገለጥ አድርገው ጥርሶቹን ይዩ። ከድዱ አጠገብ ነጭ መስመር ወይም ቡናማ ነጥብ ካዩ ሳያመው በፊት ያሳዩት። 18 ወር ሞልቶት አንድም ጥርስ ካልወጣለትም እንዲሁ ያሳዩት።

ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች

ይህን ጽሑፍ ለእናቶች ብቻ ብዬ ብጨርሰው ፍትሐዊ አይሆንም። ችግሩ የእኛም ነውና።

የመጀመሪያው ጥፋታችን ቁጣ ነው። ግግ አስወጥታ የመጣችን እናት በሰው ፊት እንገሥጻለን። እርሷ በሚቀጥለው ጊዜ የምትማረው ግግ አለማስወጣትን ሳይሆን አለመናገርን ነው። ያቺ ከሀብሩ የመጣች እናት አንገቷን የደፋችው ከእኔ በፊት ያየናት ሰው ስለተቆጣት እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ። «አብሽሪ፤ ልጅሽን ለማዳን ነው የጠየቅሁሽ» ስላት ነው ሁሉንም ያወጋችኝ። ሕጉ ያስፈልጋል፤ በየመንደሩ እየዞረ በሕፃናት አፍ የሚነግድ ሰው መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ሕግ ብቻውን ድርጊቱን ወደ ጓዳ ያስገባዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለተኛው ጥፋታችን ሰዓቱን አለማወቃችን ነው። ስለ ግግ የምናስተምረው ልጁ ታሞ ከመጣ በኋላ ነው። ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ይመጣሉ። በ14ኛው ሳምንት የምትመጣ እናት ልጇ ሦስት ወር አልፎታል፤ የግጉ ወሬ ሊጀመር ነው። ያን ዕለት ሁለት ደቂቃ ወስደን የልጇን ድድ በራሷ ጣት ብናስዳስሳትና «ይህ እብጠት ጥርሱ ነው፤ ተቅማጥ ቢይዘው ይህን ስጪው» ብለን ሁለት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ ብናስይዛት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ከተቻለ አያትየዋም አብራ ትምጣ። በብዙ ቤት ውሳኔው የእርሷ ነው።

ሦስተኛው መድኃኒቱን የማድረስ ጉዳይ ነው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ጤናን ወደ ቤት አድርሰዋል። ከ2013 ዓ.ም ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም በአካባቢያችን በነበረው ጦርነት ግን ብዙ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ፈረሱ። ጤና ኬላው ሲዘጋ ወይም መድኃኒት ሲያጣ የግግ አውጪዋ ቤት አይዘጋም። ስለዚህ በየጤና ኬላው ኦ.አር.ኤስና ዚንክ አለመጥፋቱን እንደ ክትባት ጥብቅ አድርገን ልንከታተለው ይገባል። እናትን «ወደ እኛ ነዪ» ብለን ስትመጣ «አልቋል» ካልናት የምናስተምረው ሌላ ነገር ነው።

በወሎ ቄሱም ሼኹም፣ የእድር ዳኛውም የሚደመጡ ናቸው። እነርሱ በአንድ ቃል ቢናገሩ እኛ በዓመት የማንሠራውን ይሠራሉ። ግግ አውጪዎቹም ቢሆኑ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት እንደሚያድኑ አምነው ነው። «የታመመ ሕፃን ሲመጣብዎ ኦ.አር.ኤስ አጠጥተው ወደ ጤና ኬላ ይላኩ» ብንላቸው የሚሰሙን አይጠፉም።

ለማጠቃለል

ያ የስምንት ወር ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ አያቱን ወደ ጎን ጠርቼ፣ «እማማ፣ እስቲ ጣትዎን ይስጡኝ» አልኋቸው። በዚያው ቀን ለክትባት የመጣ ሌላ ጤነኛ ሕፃን ነበር፤ እናቱን አስፈቅጄ ድዱን አስዳሰስኋቸው። እብጠቱን አገኙት። «ይህም ግግ አለው?» አሉ። «እማማ፣ ሁሉም አለው። ሲያድግ የሚበላበት ጥርሱ ነው» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «እንግዲህ የኛውን በገዛ እጃችን ነቀልነዋ» አሉኝ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡት እርስዎ ምናልባት ግግ አያስወጡ ይሆናል። ነገር ግን በገጠር እናት፣ አክስት ወይም እህት አለችዎት። ዛሬ ስልክ ሲደውሉላቸው ሦስት ነገር ብቻ ይንገሯቸው፤ በሕፃኑ ድድ ላይ ያለው እብጠት ጥርሱ ነው፤ ተቅማጥ የሚመጣው ከጥርስ አይደለም፤ ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚያስፈልገው ጡት፣ ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ነው። ይህን ያወቀች አንዲት አያት የአንድን ሕፃን ነፍስ ልታተርፍ ትችላለች።